እናትሽ ሚኒሶታ ሲገቡ የእህትሽ ኪራይ በስንት ይጨምራል?

ጥያቄሽን ካየሁት ሁለት ቀን ሆነኝ፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ መብራቱ መጣ ሲሉት እየሄደ አላስጽፍ ብሎኝ ነው እንጂ መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም የዘገየሁት። ሌላም ሰው ሊያነበው ስለሚችል ያልሽውን መጀመሪያ ባጭሩ ልድገመው። እህትሽ ሚኒሶታ ነው ያለችው፣ ነርሲንግ አሲስታንት ናት፣ በገቢዋ ልክ ኪራይ ምትከፍልበት ቤት ውስጥ ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች፣ ትልቁ 19 ዓመቱ ነው ኮሌጅ ገብቷል በጎን ይሰራል፣ ትንሿ 12 ነች። እናታችሁ 67 ዓመታቸው ነው፣ ቪዛቸው ተመቶላቸዋል። በስማቸው ኮዬ ፈጬ በ20/80 የደረሳቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አለ፣ በወር 15 ሺ ብር ተከራይቷል። እናታችን እሷ ጋ ሲገቡ ኪራይዋ ስንት ይሆናል፣ የኮዬው ቤትስ ጣጣ ያመጣባታል ወይ ነው ጥያቄሽ። ሰው ደግሞ እንደ ልማዱ መክሮሻል፣ አንዱ ቤቱን ቶሎ ወደ አንቺ ስም አዙሩት ይላል፣ አንዷ እናትየውን እንግዳ ናቸው ብላ ዝም ትበል ትላለች፣ ሌላው ኪራይዋ እጥፍ ይሆናል ብሎ አስደንግጦሻል።

እኔ ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት ሜሪላንድ ውስጥ በድጎማ የሚተዳደር አፓርታማ ቢሮ ውስጥ ስምንት ዓመት ሰርቻለሁ፣ ስራዬ በቃ ይሄው ነበር፣ የሰው ፔይስተብ (የደሞዝ ወረቀት) እየደመሩ ኪራይ ማውጣት። እና እውነቱን ልንገርሽ፣ ከኮዬው ቤት ይልቅ እኔን ያስፈራኝ የተሰጠሽ ምክር ነው። ቤቱ ቢበዛ በወር 30 ዶላር ቢጨምርባት ነው፣ ምክሩ ግን ቤቷን ሊያስለቅቃት ይችላል።

መጀመሪያ አንድ ነገር አስተካክዪ። እኛ በለመድነው የቀበሌ ቤት ኪራይ የሚቆረጠው በቤቱ ነው፣ ውስጡ ደሃ ይኑር ሀብታም፣ በአዋጅ 47/1967 ከተወረሱት ቤቶች ውስጥ ባለ መኪናውም ጉሊት የምትቸረችረውም አንድ ዓይነት ሽርፍራፊ ይከፍሉ የነበረው ለዛ ነው። ኮንዶሚኒየምም ቢሆን ዕጣ ከወጣልሽ በኋላ በየዓመቱ ደሞዝሽን እየጠየቀ ክፍያሽን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ የለም። አሜሪካ ያለው ድጎማ ግን የሚሰፈረው በሰዎቹ ላይ ነው። ቤቱ ያው ቤት ሆኖ፣ ምንጣፉም ምድጃውም አንድ ሆኖ፣ ከታች ያለችው ጎረቤት 250 ከላይ ያለው 1100 ዶላር ሊከፍሉ ይችላሉ። ስለዚህ ማን ውስጥ ገባ፣ ማን ወጣ፣ የገባው ሰው ምን ይዞ ገባ የሚለው ነገር ሁሉ ድጎማውን የሚያስተዳድረውን ቢሮ ይመለከተዋል። ይሄን ስትይዢ ሌላው ቀላል ነው።

ግን ደግሞ ሁሉም የድጎማ ቤት እንደዚህ አይሰራም፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሴክሽን ኤይት የምንለው የኪራይ ድጎማ (ድጎማው ከተከራዩ ጋር የሚሄደው ቫውቸሩም፣ ከህንፃው ጋር የተያያዘውም) እና የመንግሥት የሆነው ፐብሊክ ሃውዚንግ በገቢ ነው ሚሄዱት። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣው ታክስ ክሬዲት የሚባለው ግን ሌላ ነው፣ እዛ ለቤቱ የኪራይ ጣሪያ ይቆረጥለታል፣ ጣሪያውም የሚሰላው በአካባቢው መካከለኛ ገቢ እንጂ በእህትሽ ደሞዝ አይደለም፣ ስትገባ ገቢዋ ከመጠን በላይ እንዳልሆነ ይታያል፣ ከዛ በኋላ ኦቨርታይም ብትሰራም ባትሰራም ኪራዩ በሷ ምክንያት አይንቀሳቀስም። እሷ የትኛው ውስጥ እንዳለች ለማወቅ ቀላሉ መንገድ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፣ ባለፉት ዓመታት ደሞዝሽ ሲጨምር ወይ ሲቀንስ ኪራይሽ አብሮ ተንቀሳቅሷል ወይ በያት። ተንቀሳቅሷል ካለች የምነግርሽ ሁሉ ይመለከታታል። ወረቀቷን ደግሞ ታውጣ፣ 50059 ወይም 50058 የሚል ቁጥር ያለው ፎርም በየዓመቱ ይሰራላታል፣ ህንፃው ውስጥ ያለ ድጎማ ከሆነ የመጀመሪያው፣ ቫውቸር ወይም ፐብሊክ ሃውዚንግ ከሆነ ሁለተኛው ነው።

አሁን ሒሳቡ። ደሞዟን በግምት ነው የምሰራው፣ አንቺ ትክክለኛውን ታስገቢበታለሽ። በሰዓት 19 ዶላር፣ በሳምንት 36 ሰዓት እንበል። 19 በ36 በ52 ሲባዛ 35,568 ዶላር በዓመት ይመጣል። ልብ በይ፣ ይሄ ታክስ ሳይቆረጥ ነው፣ እጇ ላይ የሚገባው አይደለም ሚቆጠረው፣ ለዚህ ነው ብዙ ሰው ቢሮ መጥቶ ይሄን ያህል እኮ አላገኝም ብሎ የሚጮኸው፣ ልክ ነው አያገኝም፣ ደንቡ ግን ከላይ ነው ሚያየው። ኮሌጅ ያለው ልጅ በሳምንት 15 ሰዓት በ15 ዶላር ቢሰራ 11,700 ዶላር ያመጣል፣ ይሄን ሰምታ እንዳትደነግጥ፣ ሙሉ ጊዜ ተማሪ የሆነ ጥገኛ ልጅ ሰርቶ ካገኘው ላይ የሚያዝበት 480 ዶላር ብቻ ነው፣ የቀረው አይቆጠርም። ትንሿ ብትሰራም ከ18 በታች ስለሆነች አይቆጠርባትም። ስለዚህ የቤቱ ዓመታዊ ገቢ 36,048 ነው። ከዚህ ላይ ለእያንዳንዱ ጥገኛ 480 ዶላር ይቀነሳል፣ ሁለት ልጆች ናቸው 960፣ ቀሪው 35,088። (480 ያልኩት አዲሱ ደንብ፣ ወደ ታች የምነግርሽ ሆትማ የሚሉት፣ ሲወጣ የነበረው ቁጥር ነው፣ በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት ጋር ይስተካከላል፣ ፎርሟ ላይ ያለውን ያዢ።) ለ12 ስትካፈይው 2,924፣ የሱ 30 በመቶ 877 ዶላር። የእህትሽ ድርሻ ይሄ ነው። መብራትና ጋዝ ራሷ ምትከፍል ከሆነ ለሱ ተብሎ የተመደበ አበል አለ፣ 60 ዶላር ቢሆን ከዛ ላይ ተቀንሶ ለባለቤቱ ምትከፍለው 817 ይሆናል።

30 በመቶው ከየት መጣ ለሚል፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ብሩክ የሚባል የማሳቹሴትስ ሴናተር፣ በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ነው፣ የመንግሥት ቤት ተከራይ ከገቢው ከ25 በመቶ በላይ አይክፈል ብሎ አስወሰነ፣ በ1981 ላይ ወደ 30 ከፍ ተደረገ። በርግጥ ሌሎች መለኪያዎችም አሉ፣ ከጠቅላላ ገቢ 10 በመቶ የሚል አለ፣ ምንም ገቢ ለሌለው ደግሞ ዝቅተኛ ኪራይ የሚባል አለ 25 ወይም እስከ 50 ዶላር፣ ከነዚህ ውስጥ ትልቁ ነው ሚወሰደው፣ የሚሰራ ሰው ላይ ግን ሁሌም ማለት ይቻላል 30 በመቶው ነው ሚያሸንፈው። ቫውቸር ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፣ ቢሮው ለዛ አካባቢ የሚከፍለው ጣሪያ አለው፣ ቤቱ ከጣሪያው ካለፈ ልዩነቱን እሷ ነች ምትሸፍነው።

እናትሽ ጋ ልምጣ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለድጎማው ብቁ ነው፣ እሱ ላይ ሃሳብ አይግባሽ፣ ካርዱን ማሳየት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። እናቴ አሮጊት ናቸው፣ እኔ ነኝ ምጦራቸው፣ ስለዚህ ጥገኛዬ ናቸው ይላል ሰው፣ በኛ ቋንቋም በኛ ሆድም ልክ ነው። በደንቡ ግን ጥገኛ ማለት ከ18 በታች የሆነ፣ ወይ አካል ጉዳተኛ፣ ወይ ሙሉ ጊዜ ተማሪ ነው። ጤነኛ የ67 ዓመት እናት ከሦስቱም ውስጥ የሉም፣ 480ው አይቀነስላቸውም። እሺ አረጋዊ አይደሉም ወይ፣ ለአረጋውያን ቅናሽ አለ አይደል ትይኛለሽ። አለ፣ አዲሱ ደንብ ሲወጣ 525 ዶላር ነበር፣ ግን አረጋዊ ቤተሰብ የሚባለው የቤቱ ኃላፊ ወይ የትዳር ጓደኛ ወይ አብሮ ኃላፊ የሆነው ሰው 62 ሲሞላው ነው እንጂ ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ስላለ አይደለም። እህትሽ ኃላፊ ሆና እናትሽ ተራ አባል ሆነው ከተመዘገቡ ዕድሜያቸው አንድ ሳንቲም አይቀንስም።

እዚህ ጋ ግን ሰው የማይጠይቀው በር አለ። እናትሽ አብሮ ኃላፊ ተብለው ሊመዘገቡ ይችላሉ፣ ሊዙ (የቤቱ የኪራይ ውል) ላይ ከእህትሽ እኩል ይፈርማሉ፣ ያኔ ቤተሰቡ አረጋዊ ቤተሰብ ይሆናል። 525ቱ ራሱ በወር ሲመነዘር 13 ዶላር ምናምን ነው፣ ብርቅ አይደለም። ጥቅሙ ሌላ ነው፣ አረጋዊ ቤተሰብ ሲሆን ከኪስ የሚወጣ የሕክምና ወጪ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲሆን ከገቢ ላይ ይቀነሳል፣ የሁሉም የቤተሰቡ አባል፣ የልጆቹ የጥርስ ሳይቀር። አዲሱ ደንብ መነሻውን ከገቢው 3 በመቶ ወደ 10 በመቶ ስላሳደገው እንደ ድሮው አያወላዳም፣ ቢሆንም ስኳር ወይ ደም ግፊት ካለባቸውና ኢንሹራንሱ የማይሸፍነው ነገር ከበዛ ሒሳቡን መስራት ያዋጣል። ጉዳቱም አለ፣ የፈረመ ሰው ለኪራዩም ለጥፋቱም እኩል ተጠያቂ ነው። እኔ ብሆን ሕክምናው ከባድ ካልሆነ ተራ አባል አድርጌ ነው ማስገባቸው፣ ይሄ የኔ ሃሳብ ነው፣ ጓደኞቼ አብሮ ኃላፊ ማድረግን ይመርጡ ነበር።

አሁን ወደ ኮዬው ቤት። ሁለት ነገር ለይተሽ እዪው፣ ቤቱ የሚያስገባው ኪራይ አንድ ነገር ነው፣ ቤቱ ራሱ እንደ ንብረት ደግሞ ሌላ።

ኪራዩ ገቢ ነው፣ ክርክር የለውም። ሒሳብ እንዲቀለን አንዱን ዶላር 150 ብር እንያዘው፣ ትክክለኛው ፎርሙ በሚሰራበት ቀን ያለው የባንክ ምንዛሬ ነው። 15 ሺ ብር በወር ማለት 100 ዶላር፣ በዓመት 1,200። ወደ ላይኛው ሒሳብ ስትጨምሪው 36,288 በ12 ተካፍሎ 3,024፣ 30 በመቶው 907። ከ877 ወደ 907፣ ያ ሁሉ ማስፈራራት 30 ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ሲለቀቅ እዚህ ስንቱ ቤት አልቅሷል፣ እዛ ላለ የድጎማ ተከራይ ግን በብር ያለው ገቢ በዶላር ሲታይ ግማሽ ሆነለት፣ እንዲህ ዓይነት ምፀትም አለ። 30ውም ቢሆን ጣሪያው ነው፣ ምክንያቱም የሚቆጠረው ወጪ ተቀንሶ የቀረው ነው፣ የጥገና፣ የማኅበር መዋጮ፣ በኪራዩ ላይ የተከፈለ ግብር፣ የባንኩ ወለድ ደረሰኝ ካለው ይቀነሳል። ዋናውን የብድር ክፍያ ግን አይቀንሱልሽም፣ ሰው በየወሩ ለንግድ ባንክ የሚከፍለውን በሙሉ ወጪ ነው ብሎ ይጽፍና ቢሮው ወለዱን ለይተህ አምጣ ይለዋል፣ ከቅርንጫፉ የወለድና የዋና ብድር ዝርዝር ማውጣት ነው።

ኪራዩን አንቺ በውክልና ተቀብለሽ ለራስሽ ብታወጪውም ቤቱ የሳቸው እስከሆነ ገቢውም የሳቸው ነው፣ እዛ አልደረሰንም ማለት አያስኬድም። በሌላ በኩል ኪራዩን ሰብስበሽ ስትልኪላቸው ደግሞ እንደ አዲስ ስጦታ ሁለተኛ ጊዜ መቆጠር የለበትም፣ ስለዚህ ስትልኪ ለምን እንደላክሽ የሚል ነገር ይጻፍበት።

ቤቱ እንደ ንብረት ሲታይ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ሆትማ የሚሉት ሕግ አለ፣ የአፈጻጸም ደንቡ በ2023 ታትሟል፣ ሁሉም ቢሮ በአንድ ቀን አልጀመረውም ስለዚህ የሷ ቢሮ ጀምሯል ወይ ብላ ትጠይቅ። ድሮ ንብረትሽ 5 ሺ ዶላር ካለፈ ከንብረቱ ላይ ይገኛል ተብሎ የሚታሰብ ገቢ ይለጠፍብሽ ነበር፣ አሁን መነሻው 50 ሺ ሆኗል፣ እሱም በየዓመቱ ትንሽ ከፍ ይላል። የናንተን ቤት አራት ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል፣ ዋጋውን እዛው ያለ ደላላ ይንገርሽ፣ ከዛ ላይ የባንክ ዕዳው 300 ሺ ቢቀር፣ የደላላ ሁለት በመቶ 80 ሺ ቢወጣ፣ የተጣራው 3,620,000 ብር ነው፣ በ150 ወደ 24 ሺ ዶላር። ከ50 ሺው በታች ነው፣ ስለዚህ ከትክክለኛው ኪራይ ውጪ ሌላ ምናባዊ ገቢ አይጨመርም።

ይሄ ሕግ ግን አንድ ከባድ ነገር አምጥቷል፣ ሰው የሰማውና ያስፈራው ይሄ ይመስለኛል። አንደኛ፣ የተጣራ ንብረቱ ከ100 ሺ ዶላር (ይሄም በየዓመቱ ይስተካከላል) ያለፈ ቤተሰብ ድጎማ አያገኝም። ሁለተኛ፣ ለቤተሰቡ መኖሪያ የሚሆን፣ የመኖር መብት ያለው፣ በአገሩ ሕግ ሊሸጠው የሚችል ቤት ያለው ሰው አያገኝም። መቶ ሺው አይነካችሁም። ሁለተኛውን ግን ቃል በቃል አንብቢው፣ ሦስቱም አንድ ላይ መሟላት አለባቸው፣ ቤቱ ደግሞ ለነሱ መኖሪያ የሚመች መሆን አለበት። ሰው የሚሰራበትና የሚማርበት ቦታ እጅግ የራቀ ቤት አይመችም ተብሎ ሊታለፍ እንደሚችል ደንቡ ራሱ ይላል፣ የሚወስነው ቢሮው ነው፣ ሚኒያፖሊስ ነርሲንግ ሆም ሚሰራ ሰው ከኮዬ ፈጬ ተነስቶ ይመላለስ የሚል ማኔጀር አላጋጠመኝም። የቤተሰቡ ቁጥርም ይታያል። እናትሽ ጉልበታቸውን ካመማቸው ደግሞ ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ራሱ መልስ ነው፣ ቤቱ ለአካል ጉዳተኛ አባል ፍላጎት የማይመች ከሆነ አይቆጠርም፣ የሐኪም ወረቀት ይዘው ይሂዱ።

ሌላም አለ፣ ይሄን ደግሞ እዚህ ያለን ሰዎች ነን ደህና አድርገን ምናውቀው። ዕጣ የወጣ ኮንዶሚኒየም አምስት ዓመት ሳይሞላው መሸጥ አይቻልም። በቦታው ሕግ ለመሸጥ ስልጣን የሌለሽ ቤት ደግሞ ከተጣራ ንብረት ውስጥ አይገባም፣ ከላይ ያለውን መከልከያም አያሟላም። የናንተ ውል የተፈረመበትን ቀን እዪ፣ አምስቱ ካልሞላ ውሉን በትርጉም ያቅርቡት፣ ከሞላ ደግሞ ይሄን ክርክር ተዉት፣ ሌላው ይበቃችኋል። ኪራዩ ግን በሁለቱም መንገድ ይቆጠራል።

ቤቱን በስምሽ አዙሩት ያለሽ ሰው ጥሩ አስቦ ይሆናል፣ ግን አንድ ጥያቄ ፎርሙ ላይ አለ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ንብረት ከዋጋው በታች ሸጠሃል ወይ ሰጥተሃል ወይ ይላል። በስጦታ ለልጅ የተላለፈ ቤት ከዋጋው በታች ነው፣ ዋጋው ከተላለፈበት ቀን ጀምሮ ለሁለት ዓመት የእናትሽ እንደሆነ ይቆጠራል። እንግዲህ 30 ዶላር ለማዳን የስም ማዛወሪያ፣ የውልና ማስረጃ፣ የሰነድ ወጪ አውጥታችሁ፣ ደግሞ ነገ ወንድም እህት በቤቱ እንዳትጣሉ፣ ምን ለማትረፍ? በሕጋዊ ምክንያት ለማዛወር የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለኪራይ ብላችሁ ግን አታድርጉት።

እንግዳ ናቸው ትበል ያለችሽን ሴትዮ ግን በደንብ ነው ምቃወማት። ሊዙ ላይ እንግዳ ስንት ቀን መቆየት እንደሚችል ተጽፏል፣ ከዛ ያለፈ ሰው ያልተፈቀደ ነዋሪ ነው የሚባለው። ከተወለደ ወይ በማደጎ ከመጣ ልጅ፣ ወይ ፍርድ ቤት ከሰጠው ልጅ በስተቀር ማንም ከመግባቱ በፊት ቢሮው መፍቀድ አለበት። የማይታወቅ እንዳይመስላት ደግሞ፣ ደሞዝንና ሶሻል ሴኩሪቲን (የአሜሪካ መንግሥት የጡረታ ክፍያ) ከመንግሥት መዝገብ ጋር የሚያመሳክር ሲስተም አላቸው፣ እናትየው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሲያወጡ፣ የሕክምና ካርድ በዛ አድራሻ ሲመጣ ሁሉም ነገር ስማቸውን ከዛ ቤት ጋር ያያይዘዋል። እኔ የሰራሁበት ቢሮ አንድ የኛው አገር ሰው ነበር፣ ታክሲ ነጂ፣ ወንድሙ መጥቶ ሁለት ዓመት ከሱ ጋር ሲኖር ሲሰራ አላስመዘገበውም፣ ፋይሉን የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። ወንድምየው በደሞዝ ወረቀቱ ላይ የጻፈው አድራሻ ያ ነበር። ኪራዩ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ እንደገና ተሰላ፣ ብዙ ሺ ዶላር ዕዳ ሆነበት፣ በወር በወር እየከፈለ ቀረ፣ እሱም ዕድለኛ ነው፣ ሌሎች ሊዛቸው ተቋርጧል። በጊዜው ቢናገር ኖሮ ጭማሪው ከፊርማው በኋላ በማስታወቂያ 30 ቀን ተሰጥቶት ነው የሚጀምረው፣ የዘገየው ግን ወደ ኋላ ነው ሚቆጠረው። አዲሱን ደንብ የጀመረ ቢሮ ከሆነ ደግሞ ገቢው 10 በመቶ እስካልጨመረ ድረስ እስከ ዓመታዊው ፎርም ድረስ ላይነኩት ይችላሉ፣ የናንተ 1,200 ዶላር ከ35 ሺው ላይ 4 በመቶም አይሞላም፣ እንግዲህ 30ው ዶላር እንኳ ወዲያው ላይጨመር ይችላል።

ስለምትልክላችሁ ገንዘብ ጠይቀሻል። በየወሩ 200 ዶላር ትልካለች ብለሻል፣ ይሄ ከገቢዋ ላይ አይቀነስም፣ አገር ቤት ላለ ወላጅ የሚላክ ገንዘብ ለሚባል ነገር ደንቡ ዓይን የለውም። ሒሳቡን ብታዪው 200ው ላይ ራሱ 60 ዶላር ኪራይ ትከፍላለች፣ እጇ ላይ ለሌለ ብር ማለት ነው። እኔ ብዙ የኛ ሰው ይሄን ሲሰማ ፊቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁ፣ አንዱ እንደውም የባንክ ደረሰኝ በፌስታል ተሸክሞ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ደፋው። ምንም ላደርግለት አልቻልኩም። እናትሽ እዛ ከሄዱ ለሳቸው ትልክ የነበረው ስለሚቀር ያ 200 ራሱ ለቤቷ ትልቅ ነገር ነው፣ ከ30ው ጋር አታነጻጽሪው።

ዕቁብ ላይ ደግሞ፣ እህትሽ ዕቁብ ትጥላለች ካልሽ አይቀር ተጠንቀቂ በያት። ዕቁብ ሲደርስ የራስሽን ገንዘብ ነው የምትመልሺው፣ ገቢ አይደለም፣ ግን ባንክ ስቴትመንቷ ላይ ድንገት 8 ሺ ዶላር ገባ የሚል ነገር ሲታይ ማኔጀሯ ዕቁብ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ገቢ ነው ብሎ ሊጽፈው ይችላል። በየወሩ ስንት እንደጣለች፣ ስንት ሰው እንዳለበት፣ ተራዋ መቼ እንደሆነ የዕቁቡ ዳኛ ፈርሞ ይስጣት፣ በየወሩ የወጣውንም ስቴትመንቷ ላይ ታሳይ። ባንክ ውስጥ የቀረው ገንዘብ ንብረት ሆኖ ይቆጠራል፣ እሱ ልክ ነው።

ወረቀቶቹን እዚህ አንቺ ነሽ ምታዘጋጂያቸው፣ እናትሽ ከሄዱ በኋላ ወረዳ ለወረዳ መሮጥ አይቀልም። የኪራይ ውሉ ወረዳ ላይ የተመዘገበ ይሁን፣ በአዋጅ 1320/2016 መሰረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ክፍያውም በባንክ ነው መሆን ያለበት፣ እዚህ ሰው ቢያጉረመርምበትም ለናንተ ጉዳይ ግን እንደ ስጦታ ነው፣ ማኅተም ያለበት ውልና የባንክ ዝርዝር ይዘሽ ስትሄጂ ማንም አይከራከርሽም። በእጅ የሚቀበሉ ከሆነ ከዚህ ወር ጀምሮ ወደ ባንክ ቀይሩት። ከዛ የቤቱ ውል፣ የባንክ ዕዳ ቀሪ ደብዳቤ፣ ተከፍሎ ከሆነ የኪራይ ግብር ደረሰኝ። እነዚህን አስተርጉሚያቸው፣ ኦርጅናሉንም አብረሽ። ውክልናውን ደግሞ ከመሄዳቸው በፊት ውልና ማስረጃ ጨርሱት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ውል ማደስ፣ ባንክ መክፈል የሚል በግልጽ ይጻፍበት።

እህትሽ በኩል ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፣ ቲኬት ሳይቆረጥ ለማኔጀሯ በጽሑፍ እናቴን ላስገባ ነው ብላ ትጠይቅ፣ ጥያቄው ለመድረሱ ማስረጃ የሚሆን ኮፒ ታስቀር፣ ሁለት መኝታ ላይ አራት ሰው ስለሚሆኑ የመኝታ ቁጥር ይቀየራል ወይ ብላም ትጠይቅ፣ አንዳንዱ ቢሮ ለትልቅ ቤት ተራ ያስይዛል፣ ቫውቸር ከሆነ ደግሞ የቫውቸሩ መጠን ሊያድግ ይችላል። ማኔጀሯ በአፍ እሺ አምጪያቸው ቢላትም በጽሑፍ ይሁን። እናትሽ አሜሪካ ውስጥ ሰርተው የማያውቁ ስለሆነ ግሪን ካርድ ብቻ ይዘው ኤስ ኤስ አይ የሚባለውን የአረጋውያን ክፍያ ቶሎ አያገኙም፣ ወደፊት ካገኙ ያ ደግሞ ገቢ ሆኖ ይቆጠራል፣ ያኔ ይታሰብበታል።

አንድ የጎደለኝ ነገር አለ፣ እናትሽ የመንግሥት ጡረታ አላቸው ወይ አላልሽም። ካላቸው እሱም ገቢ ነው፣ በወር 3 ሺ ብር ቢሆን 20 ዶላር ነው፣ ኪራይዋን በ6 ዶላር ቢነካ ነው። የጡረታ ደብተራቸው ላይ ያለውን ቁጥር ጻፊልኝና ሒሳቡን ጨምሬ እነግርሻለሁ።